ባዶ እንስራ ያዳነው ጀግና

ስለ ሞቱ ጀግኖች ብዙ ተለቅሷል፤ ስለ ቆሰሉትም ብዙ ተሸልሏል። ስለማይሞቱትና ስለማይቆስሉት ጀግኖች ግን እስካሁን አፉን የከፈተ ሰው የለም። ይህ ግፍ ነው። ስለዚህ እኔ ማንም ሳይልከኝ፣ ማንም ሳይለምነኝ፣ የአጥቢያችንን ኩራት፣ የጥንቃቄን አባት፣ የግራዝማች ተስፋውን ታሪክ ለትውልድ ላቆይ ተነሥቻለሁ። ግራዝማች ተስፋው ጣሊያን በአገራችን በቆየባቸው ዓመታት አንድም ጊዜ አልተሸነፉም። ለመሸነፍ መጀመሪያ መዋጋት ያስፈልጋልና።

ቤታቸው ከቡሬ ወደ ወጀት የሚወስደውን መንገድ ከላይ ሆኖ የሚያይ ኮረብታ ላይ ነበር። ወጀት ያልኩት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለውን ከተማ ነው፤ ያኔ ሰላሙም ፍኖቱም ገና አልተገኙም። ጣሊያን ቡሬ ላይ ድንጋይ ክቦ፣ ሽቦ አጥሮ፣ መትረየስ ጠምዶ ተቀምጧል። ግራዝማችም ኮረብታቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ተፋጠው ነበር ማለት ይቻላል።

ለጀግና የሚያስፈልገው ሁሉ ነበራቸው። ዳማ ፈረስ አላቸው። የፈረስ ስማቸውን አባ መብረቅ ብለው ራሳቸው አውጥተዋል። ግንባራቸው ላይ የሚያስሩት ጎፈር አላቸው፤ የገዛ አባታቸው የገደሉት አንበሳ ጎፈር ነው። ፉከራም አላቸው። ሌላው ሰው ፉከራ የሚያወጣው ገድሎ ሲመለስ ነው። ግራዝማች ግን አርቀው አሳቢ ስለሆኑ ፉከራቸውን አስቀድመው ጨርሰው አስቀምጠውት ነበር። የቀረው ግዳዩ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ምንሽር ነበራቸው። ምንሽሩ የሚስታቸው የተናኜ አባት በሠርጉ ቀን የሰጧቸው ነው። ሽማግሌው ሲሰጡ፣ «ልጄ፣ ይህ ጠመንጃ ግድግዳ አይወድም» ብለው ነበር። ግራዝማችም ቃሉን አክብረው ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም፤ ከአልጋቸው ሥር አስተኙት።

ነገሩ የተጀመረው ከፋሲካ በኋላ፣ የተናኜ ወንድም እጅጉ ከብር ሸለቆ ጫካ በሰው አፍ የላከባቸው ጊዜ ነው። እጅጉ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ ከቡሬ ወደ ወጀት የሚያልፈውን የጣሊያን ስንቅ ይቆርጣል። መልእክቱ አጭር ነበር። «ከታች በኩል እኛ አለን። ከላይ በኩል ያለችውን የገደል በር የሚዘጋ አንድ ደህና ጠመንጃ አጣን። አማቼ ምንሽራቸውን ይዘው ይድረሱልን። በዚያች በር ከገቡብን አለቅን።»

ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ከመደባቸው ተነሡ። የአጥቢያው ሰው በሙሉ መነሣታቸውን አየ። ሙክት ታረደ፣ ጠላ ተቀዳ፣ እኛም ተጠራን። ግራዝማች ዋንጫቸውን ከፍ አድርገው፣

«ወገኖቼ!» አሉ። «አገር ስትጠራ መደብ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ሰው አይባልም!»

«አይባልም!» አልን፣ መደብ ላይ እንደተቀመጥን።

«ነገ በማለዳ እወጣለሁ! ወይ ድል፣ ወይ ሞት!»

«ይበሉ!» አልን። ሙክቱንም በላንላቸው።

በማለዳ ጎፈራቸውን አስረው፣ ዳማውን ጭነው፣ ምንሽሩን አንግተው ወጡ። ተናኜ ስንቁን ቋጥራ ሰጥታ ደጅ ቆማ ሸኘቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን ደስ ብሏታል። ወንድሟ ሊተርፍ ነው። እኛም በእልልታ እስከ ዋርካው ድረስ ተከተልናቸው። ከዋርካው እልፍ ሲሉ ጎረቤታቸው ንግሥቴ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ምስኪን፣ እንስራዋን በጀርባዋ አዝላ ከጉራንጉሩ ብቅ አለች።

ግራዝማች ልጓሙን ሳቡ።

«አንቺ ሴት፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ምንጩ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንስራው ምን አለበት?»

«ምን ይኖርበታል? ባዶ ነው።»

ይህን ታሪክ ከሌላ አገር መጥቶ የሚሰማ ቢኖር እንዳይቸገር ልንገረው። በእኛ አገር መንገድ የወጣ ሰው ፊት ለፊት የሞላ እንስራ ካገኘ ገዱ ቀንቷል። ባዶ እንስራ ካገኘ ግን ቢመለስ ይሻለዋል። ሙሉውና ባዶው ከሩቅ ይለያሉ፤ ሙሉው ውሃው እንዳይፈስ አፉ ላይ ቅጠል ይወተፍበታል። የንግሥቴ እንስራ አፉ እንደ ዋሻ ክፍት ነበር።

ግራዝማች ፈረሳቸውን አዙረው ወደ እኛ መጡ። ሐዘናቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ወገኖቼ፣ ለመሞት ቆርጬ ነበር» አሉ። «ገድ ግን እምቢ አለኝ። ሰው ከጣሊያን ጋር ይጣላል እንጂ ከገድ ጋር አይጣላም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«እውነት ነው!» አልን። አንድ ሽማግሌ እንኳ፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው ጨመሩበት። አስተዋይ ሰው መሪ ያደረገልን አምላክ ይመስገን ብለን፣ ከሙክቱ የተረፈውን ለመጨረስ ተመለስን።

ተናኜ ስንቁን ፈታች።

ከዚያ ወዲያ ግራዝማች እንቅልፍ አጡ። ሰው ሰነፍ ናቸው ብሎ እንዳያስብ ደግሜ እናገራለሁ፤ ግራዝማች ላለመሄድ የሠሩትን ያህል ሌላው ሰው ለመሄድ ቢሠራ ኖሮ ሮም ድረስ በደረሰ ነበር። አንድ ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አባ ገብረ ሕይወት ሄዱ። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባ፣ ያለነው በበዓለ ሃምሳ ነው» አሉ ግራዝማች።

«ነው፣ ልጄ።»

«በሃምሳው ስግደት የለም።»

«የለም።»

«ተኩስ ደግሞ በደረት ተኝተው፣ ግንባር መሬት አስነክተው ነው። ስግደት ሆኖ አይቆጠርብኝም?»

አባ ገብረ ሕይወት ብዙ ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ምሥጢር ግን ሰምተው አያውቁም። ጢማቸውን እያሻሹ፣

«ተቀምጠህ ተኩስ» አሏቸው።

«ተቀምጬ ከተኮስኩማ ያየኛል፣ አባ!»

«ማን? እግዚአብሔር?»

«ጣሊያን።»

ግራዝማች ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዲያው ቢገዝቱኝስ?»

«ምን ብዬ ልገዝትህ?»

«ከደጅህ እንዳትወጣ ብለው። የቤተ ክርስቲያን ግዝት ከሆነ ማንም አይፈርድብኝም።»

«ልጄ» አሉ አባ፣ «አንተ እኮ ሳትገዘት የታሰርክ ነህ። በላዩ ላይ እኔ ምን እጨምርበታለሁ?»

ግራዝማች መስቀል ተሳልመው ወጡ። መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ፣ «አባ ነገሩን አክብደው አዩት» ብለው አወሩ።

በዚያው ሰሞን የግራዝማች ዝና ቡሬ ምሽግ ደረሰ። ከጣሊያን ጋር ውሎ የሚያድር አንድ አስተርጓሚ እንዳወራው ከሆነ፣ የምሽጉ አዛዥ ነገሩን ሰምቶ፣ «ያን ሰውዬ ማንም እንዳይነካብኝ። በዚያ ኮረብታ ላይ እሱን የሚያህል ዘበኛ አላገኝም» ብሏል አሉ። እንግዲህ ጠላት ሳይቀር የመሰከረለትን ሰው እኛ እንዴት አንኮራበትም?

እጅጉ ሁለተኛ ላከ። ስንቁ ሊያልፍ ነው፣ በሩ አሁንም ክፍት ነው አለ። በዚህ ጊዜ የአጥቢያው ሸንጎ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ብዙ ከተነገረ፣ ብዙም ከተተረተ በኋላ፣ ጉዳዩ ከውሃ መቅጃ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስለተገኘ፣ ግራዝማች በሚወጡበት ማለዳ ከምንጭ ወደ ቤት የሚመለስ እንስራ እንጂ ከቤት ወደ ምንጭ የሚወርድ እንስራ መንገድ ላይ እንዳይገኝ ተብሎ በጭብጨባ ተወሰነ።

ውሳኔውን የተቃወሙት ግራዝማች ብቻ ነበሩ።

«ምን ማለት ነው?» ብለው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ውሃ የእግዚአብሔር ነው! ጣሊያን እንኳ ያልከለከለውን ምንጭ እኛ በእናቶቻችን ላይ እንዝጋ? በእኔ ምክንያት አንዲት ሴት ስትጠማ ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ!»

እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከዚያ በፊት አይተንባቸው አናውቅም። አንዳንዶቻችን አለቀስን። ቢሆንም ውሳኔው ውሳኔ ነው። በቀጠሮው ማለዳ ሴቶቹ ገና ሲነጋጋ ውሃቸውን ቀድተው፣ እንስራቸው አፍ ላይ ቅጠል ወትፈው፣ ከግራዝማች ደጅ እስከ ዋርካው ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ጃንሆይ ሲያልፉ እንኳ እንዲህ ያለ ሰልፍ አልታየም።

ግራዝማች በመካከላቸው ሲያልፉ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። በኮርቻቸው ላይ ሆነው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ኋላ ይዞራሉ። አንድ ውድ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስሉ ነበር። ከዋርካው እልፍ ሲሉ ግን ያቺው ንግሥቴ ያንኑ አፉ ክፍት እንስራዋን አዝላ ከዚያው ጉራንጉር ወጣች። ግራዝማች በረጅሙ ተነፈሱ። እኛ ትንፋሹን የሐዘን ነው አልነው።

«አንቺ ሴት ምን በድዬሻለሁ?» ብለው ጮኹባትና ተመለሱ። ሴቶቹም እንስራቸውን እንዳዘሉ ተበተኑ።

ንግሥቴ ያን ቀን ከሰው ሁሉ ስድብ ጠጣች። አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ገባች። አንድ ልጅ ነበራት፤ ደረሰ ይባላል። ደረሰ ከእጅጉ ጋር ብር ሸለቆ ጫካ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ደረሰን በቃሬዛ አመጡት። ጭኑን በጥይት ተመቶ፣ ደሙ ፈሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ከበበው። እናቱ ራሱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣

«ምነው ልጄ፣ በየት በኩል አገኙህ?» አለችው።

«ከላይ በኩል ነው፣ እማዬ። በበሩ ገቡብን። ጠመንጃ የነበረን ከታች ብቻ ነው። ግራዝማችን ስንጠብቅ...»

ንግሥቴ ልጇን ቤት አስገብታ፣ ቁስሉን አሥራ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ወደ ተናኜ ሮጠች። ተናኜ ጓሮ ጌሾ ትለቅም ነበር። ንግሥቴ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ግደዪኝ፣ ተናኜ! ልጄን ያስመታሁት እኔ ነኝ!»

«ምን ሆነሻል? ተነሺ እንጂ!»

«እንስራውን ይዘሽ ውጪ የሚሉኝ ባልሽ ናቸው። በሚሄዱበት ዋዜማ አንድ ቁና ባቄላ ይልኩልኛል። ዋርካው ጋ ስደርስ ባዶ እንስራ ይዘሽ ብቅ በዪ ይሉኛል።»

«ለምን ብለው?»

«አዋቂ አዞኝ ነው፣ ክፉው ቀን በእንስራሽ ይለፍልኝ አሉኝ። እኔ ድሃ ነኝ፣ ባቄላውን አየሁ። ልጄ ያለበትን አላየሁም።»

ተናኜ ንግሥቴን ከመሬት አነሣቻት። በጣም አፈረች። በባሏ አፈረች፤ ጠመንጃውን ባመጡ አባቷ ፊት የቆመች ይመስል በራሷም አፈረች። ወንድሟ በዚያች ክፍት በር ሥር እንዳለም አሰበች። ከዚያም ንግሥቴ ጆሮ ላይ ጥቂት ቃል ተናገረች። ወደ ሌሎቹ ሴቶችም ቤት ሄዳ ያንኑ ተናገረች።

ያን ቀን ምሳ ላይ ለግራዝማች ወጥ አወጣችላቸውና፣

«ነገ ይሄዳሉ?» አለቻቸው።

«እሄዳለሁ እንጂ! የደረሰ ደም በከንቱ ይቀራል? ብቻ ገዱ ይቅና።»

«ባይቀናስ?»

«ተናኜ፣ አንቺ አታውቂውም። ጠላቴ ጣሊያን ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጨርሼው ነበር።»

«ሌላውንም ጠላትዎን አውቀዋለሁ» አለች ተናኜ። «ጠላውን የምጠምቅለት እኔ ነኝ።»

ግራዝማች አልገባቸውም። ወጡ ጨው አነሰው ብለው በሉ።

በነጋታው በማለዳ ግራዝማች ጎፈራቸውን አስረው፣ ሱሪያቸውን ታጥቀው ወደ መንገዱ ተመለከቱ። አንዲት ሴት የለችም። ጉራንጉሩ ጭር ብሏል። ባዶ እንስራ የያዘችም፣ ሙሉ የያዘችም አልነበረችም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአጥቢያችን ከግራዝማች በቀር ከቤቱ የወጣ ሰው አልነበረም። ምንጩ እንኳ ብቻውን ይፈስ ነበር። ግራዝማችን ላብ አጠመቃቸው። ሕይወታቸውን በሙሉ ሲከላከሉት የኖሩት አደጋ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ የመገኘቱ አደጋ፣ ፊታቸው ተደቀነ።

በጓሮ ዞረው ወደ ንግሥቴ ቤት ገሰገሱ። ንግሥቴ ልጇ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «ውጪ እንጂ! ሰው ሊመጣ ነው!»

«ልጄን ውሃ እያጠጣሁ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሁለት ቁና አደርግልሻለሁ።»

«ባቄላው ይቆየኝ። እንስራዬ እንደሆነ ያውልዎ፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ከፈለጉ ይውሰዱት።»

ግራዝማች ቆም ብለው አሰቡ። በእኛ አገር እንስራ የሚሸከም ወንድ ታይቶ አይታወቅም። ነገር ግን ትልቅ ሰው ለትልቅ ዓላማ ሲል ራሱን ዝቅ ያደርጋል። እንስራውን መንገዱ መካከል አስቀምጠው፣ ወደ ቤት ተመልሰው፣ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው፣ ከዚያ መጥተው በድንገት ሊያገኙት ቆረጡ። ምናልባት በዕድሜያቸው የቆረጡት ቁርጥ ያለ ነገር ይህ ብቻ ነው። ማዘሉን ስላላወቁበት እንስራውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ታቀፉትና ወደ ዋርካው ወረዱ።

ዋርካው ጋ ሲደርሱ የፈረስ ኮቴ ሰሙ። ቀና ቢሉ የገዛ ዳማቸው ነው። ተናኜ ላዩ ላይ ተቀምጣለች። ዝናሩን በወገቧ ታጥቃለች፤ ከአልጋ ሥር የወጣው ምንሽር ትከሻዋ ላይ ነው። ከኋላዋ ጦር የያዙ ጥቂት የአጥቢያው ጎረምሶች ይከተሏታል። አባ ገብረ ሕይወትም መስቀላቸውን ይዘው ከጎኗ ይሄዳሉ። እኛ ደግሞ፣ ወግ ነውና፣ ለመሸኘት ከኋላ ነበርን።

ሁላችንም ቆምን። ግራዝማችም ቆሙ። ግንባራቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር፣ ደረታቸው ላይ ባዶ እንስራ።

ከጎረምሶቹ አንዱ፣ «እሜቴ፣ ባዶ እንስራ ቀደመን!» አለ በድንጋጤ።

ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ነፍስ ዘሩ።

«እኮ! ሰማሽ?» አሉ። «ተመለሺ፣ ተናኜ! ዓይንሽ እያየ ገድ እምቢ ብሏል! ስለ አንቺ ብዬ ነው የማዝነው!»

ተናኜ ከፈረሱ ሳትወርድ እንስራውን አየችው፣ ከዚያ ባሏን አየቻቸው። አባ ገብረ ሕይወትም የሚመጣውን ለመስማት አንገታቸውን አዘነበሉ።

«ባዶ እንስራ የሚመልሰው ሊመለስ የወጣውን ነው» አለች። «ይልቅ እሱን ሞልተው ይጠብቁኝ። ስመለስ ይጠማኛል።»

ልጓሙን ለቀቀች። ዳማው፣ ከዋርካው ማዶ አልፎ የማያውቀው ዳማ፣ አንዴ እንኳ ሳያመነታ አለፈ። ጎረምሶቹ ተከተሉ። አባ ገብረ ሕይወት አጠገባቸው ሲደርሱ ግራዝማች መስቀሉን ለመሳለም ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው እንስራ ስለያዘ ግን አልተመቻቸውም።

የቀረውን አገር ያውቀዋል። የሚቀጥለው የጣሊያን ስንቅ ብር ሸለቆ ሲደርስ ከላይ በኩል ያለችው በር ተዘግታ ነበር። ጣሊያን በዚያ በኩል ሊገባ ሞክሮ ምንሽሩ ከድንጋይ ኋላ ሆኖ መለሰው። ተናኜ ተቀምጣም ተኝታም ተኩሳለች፤ አባ ገብረ ሕይወት በስግደት አልቆጠሩባትም። እጅጉ ከነሰዎቹ በሕይወት ወጣ። ግራዝማች ወሬውን እንደሰሙ ለዘመናት አስቀምጠውት የነበረውን ፉከራ መደባቸው ላይ ሆነው በሙሉ ድምፅ ፎከሩት፤ ጠመንጃው የቤታቸው ነውና። እኛም አጨበጨብን።

ክረምቱ ሳይገባ ተናኜ ተመለሰች። አቧራ ለብሳ፣ ከስታ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከዳማው ወረደችና ምንሽሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ያ እንስራ ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል።

«ጠምቶኛል» አለች።

ግራዝማች አንገታቸውን ደፉ።

«እንስራው?» አለች።

«ባዶ ነው።»

«ምነው? ሞልተው ይጠብቁኝ ብዬ አልነበረም?»

«እንዴታ! በየማለዳው ታጥቄ ወጥቻለሁ» አሉ ግራዝማች፣ ሐዘናቸው ከልብ ነበር። «ምን ላድርግ፣ ተናኜ? ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ የማገኛት ሴት ሁሉ ባዶ እንስራ ይዛለች።»